«ፋይሉ ጠፍቷል» መልስ አይደለም!

«ፋይሉ ጠፍቷል!»

ይህችን ቃል ያልሰማ አዲስ አበቤ ካለ እጁን ያውጣ። የቤት ካርታ ስም ለማዛወር ሄደህ፣ የልደት የምስክር ወረቀት ለማውጣት ሄደህ፣ የግብር ክሊራንስ ልጠይቅ ብለህ ሄደህ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ነገ ተመለስ» ከተባልክ በኋላ የምትሰማት የመጨረሻዋ ቃል እሷ ናት። በወረቀት ዘመን ነገሩ ቢያንስ የታወቀ ነበር። ፋይሉ ጠፋ ሲባል የመዝገብ ቤቱ ሰው ሌላ ፋይል ሥር እንደሸጎጠው፣ «የሻይ» ብጤ ጣል ሲደረግ ደግሞ እግር አውጥቶ እንደሚመለስ ባለጉዳዩም ሠራተኛውም ያውቁታል። ኮምፒዩተር ሲገባ ደስ ያለንም ለዚሁ ነበር። ፋይል የሚሸጎጥበት መደርደሪያ አበቃለት ብለን ነበራ!

ምን ዋጋ አለው! መደርደሪያው ሄደ እንጂ ቃሏ አልሄደችም። ዛሬ «ከሲስተሙ ላይ ጠፍቷል»፣ «በስህተት ተሰርዟል»፣ «ማሽኑ ተበላሽቶ ፎርማት ተደርጓል» ነው የሚባለው። ባለጉዳዩም ኮምፒዩተር ላይ የጠፋ ነገር ሞቶ የተቀበረ ስለሚመስለው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚያች አንገት መድፋት ጋር ነው።

እስቲ ከቢሮው ወጥተን ወደ ኢምፔሪያል ጎራ እንበል። በዚያ አካባቢ ኮምፒዩተርና ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች በየጠባብዋ ሱቅ ተቀምጠዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ያጠፋ ተማሪ፣ የሰው ሠርግ ፎቶ ከነሜሞሪ ካርዱ የተደመሰሰበት ፎቶ አንሺ፣ የዓመት ሒሳቧን በአንድ ጣት ያጠፋች የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሁሉም ላብ በላብ ሆነው ይመጣሉ። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ታዲያ «ማን አጠፋው?» ብሎ አይጀምርም። «ወንድሜ፣ ከጠፋ በኋላ ምን ሠራህበት?» ነው የመጀመሪያ ጥያቄው።

ለምን? ኮምፒዩተር አንድን ፋይል ሰርዝ ሲባል ብዙውን ጊዜ ፋይሉን ራሱን አይነካውም። የሚሰርዘው ከማውጫው ላይ ስሙን ነው። የመዝገብ ቤቱ ሰው ከዝርዝር ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ሰርዞ ፋይሉን ግን እመደርደሪያው ላይ እንደተወው ማለት ነው። ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ይመዘገባል፤ ይዘቱ ግን ሌላ ነገር መጥቶ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቷል። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ካለማ ጭራሹንም አልጠፋም። ከፍላሽ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ግን በዊንዶውስ ወደዚያ ቅርጫት አይገባም፣ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። እሱም ቢሆን እንደ ሬኩቫ፣ ቴስትዲስክና ፎቶሬክ ባሉ ያለ ክፍያ በሚገኙ ፕሮግራሞች ተፈልጎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፋይሉን የሚገድለው ከመሰረዙ ይልቅ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው። ሰውየው በድንጋጤ እዚያው ማሽን ላይ ፕሮግራም ያወርዳል፣ ይጭናል፣ በመሀል ፊልም ይገለብጣል፤ በገዛ እጁ በፋይሉ ላይ ሌላ ይጽፍበታል። የሚያውቅ ሰው ማሽኑን ይዘጋል፤ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ያገናኛል፤ የተገኘውንም ሌላ ቦታ ላይ ያስቀምጣል። እርግጥ ኤስኤስዲ በሚባለው በአዲሱ ዓይነት ዲስክ ነገሩ ይከብዳል። ማሽኑ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ እየዞረ ስለሚያጸዳ ዕድሉ በፍጥነት እየጠበበ ይሄዳል። እዚያም ቢሆን ፈጥኖ መዝጋት ነው የሚበጀው።

አሁን የኢምፔሪያሉን ልጅ ጥያቄ ይዘን ወደ ቢሮው እንመለስ። አቶ ኃላፊ፣ ፋይሉ ከጠፋ በኋላ በማሽኑ ላይ ምን ሠራችሁበት? ማን ሰረዘው? መቼ? ዲስኩ ወጥቶ ለባለሙያ ታየ? ወይስ በማግሥቱ «ፎርማት» ተደርጎ ለሌላ ሠራተኛ ተሰጠ? ለመሆኑ ሁለተኛ ቅጂ የታለ? የሱቅ ጠጋኝ ለአንድ ተማሪ ጽሑፍ የሚያደርገውን ጥንቃቄ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለአንድ ዜጋ ቤት ቢያደርግ ምን ይለዋል?

«አይቻልም» እንዳይሉን፣ ሲፈለግ እንደሚቻል አይተናል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ከ25 ሺህ የሚበልጡ የኮንዶሚኒየም ቤቶችን ዕጣ በይፋ አወጣ። ቀናት ሳይቆጠሩ ዕጣው ተሰረዘ። ለዕጣው በገባው መረጃ ውስጥ የማይገባቸው ሰዎች ተሰግስገው ተገኙ፤ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ፤ በኅዳር 2015 ዕጣው እንደገና ወጣ። መረጃው በኮምፒዩተር ተነካክቶ እንኳ የነካው እጅ ዱካ አልጠፋም። ባንኩ ዘንድ የቆጣቢዎች ዝርዝር ነበራ!

በመጋቢት 2016ም እንዲሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ደንበኞች ከሌላቸው ሒሳብ ብር ሲያወጡ አደሩ። በማግሥቱ «መዝገቡ ጠፍቷል» ያለ ሰው ሰማችሁ? ማን ስንት እንደወሰደ ታወቀ፤ ያልመለሱት ሰዎች ስም ተለጠፈ። የባንኩ ብር ሲሆን መዝገቡ ይገኛል፣ የእማማ ካርታ ሲሆን ይጠፋል ማለት ነው?

የሚያስቀው፣ ከሳቅም የሚያሳዝነው ሌላ ታሪክም አለን። በሚያዝያ 2006 የዞን 9 ጦማርያንና ጋዜጠኞች፣ በድምሩ ዘጠኝ ሰዎች ታሰሩ፤ በሐምሌ በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰሱ። በክሱ ውስጥ ከወንጀል ተቆጥሮ የቀረበው አንዱ ነገር «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለ የኮምፒዩተር ደኅንነት መመሪያ መሠልጠናቸው ነበር። መመሪያው ማንም በነፃ የሚያነበው ነው። ምን ያስተምራል? ጠንካራ የይለፍ ቃል ማውጣት፣ ቫይረስ መከላከል፣ ቅጂ ማስቀመጥ፣ በስህተት የጠፋ ፋይልን መልሶ ማግኘት! አዎን፣ ያቺው ሬኩቫ እዚያም አለች። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩትን አራት ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው፤ አንዱ ብቻ ወደ ሌላ ክስ ተዛወረ። እንግዲህ ዜጋው ፋይሉ እንዳይጠፋ መማሩ እስር ቤት ያስገባ በነበረበት አገር፣ ፋይል ያጠፋ መሥሪያ ቤት ስንት ጊዜ ተጠየቀ?

ሕግ እንኳ አልጎደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መረጃ መሰረዝን በወንጀል ያስቀጣል። አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ዜጋ ከመንግሥት አካል መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የጎደለው ጠያቂ ነው።

ስለዚህ ነገ መስኮቱ ላይ «ፋይሉ ጠፍቷል» የተባልክ ወገኔ ሆይ፣ አትጩህ፣ አትለማመጥም። «በጽሑፍ ይሰጠኝ» በል። የጠፋበት ቀን ይጻፍ፤ ማሽኑ የማን እንደነበረ ይጻፍ፤ ከዚያ ወዲህ ማን እንደሠራበት፣ ለማግኘት ምን እንደተሞከረ፣ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ ይጻፍ። ከሥሩም ማኅተም ይረፍበት፣ ፊርማና ሙሉ ስም ይኑርበት። ፋይሉ እስከ ከሰዓት ላይገኝ ይችላል፤ ከማኅተሙ በፊት የሚገኝበት አጋጣሚ ግን ትንሽ አይመስለንም።