«ለሱ ከሆነ የምትገዢው፣ እዚህ አይሆንም!»

ዛሬም እንደ ልማዳችን ከተላኩልን ደብዳቤዎች አንዱን አንሥተን እንጨዋወታለን። ጉዳዩ ፍቅርም አለበት፣ ጠብም አለበት፤ ዋናው ግን ሁላችንም በየቀኑ በየካፌው በር ላይ እያየን የምናልፈው ነገር ነው።

ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። «ስሜ ይቆይ» ብላለችና ይቆይላት። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከፍቅረኛዋና ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መገናኛ አካባቢ ወደሚገኝ ኬክ ቤት ይገባሉ። ማኪያቶው መጣ፣ ኬኩም መጣ። ከመስታወቱ ውጪ ዕድሜው ቢበዛ አሥር የሚሆን የጎዳና ልጅ ቆሞ፣ እጁን ወደ አፉ እያመላከተ ያያቸዋል። «ኬኩ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ» ትላለች። ተነሥታ ወጣች፤ እጁን ይዛ አስገባችው፤ አጠገቧ አስቀምጣ «ለሱም ወተትና ዳቦ» ብላ አዘዘች። የቀረውን በራሷ አፍ ላስነግራችሁ።

«አስተናጋጇ ቆማ ታየኛለች እንጂ አትታዘዝም። ወዲያው ዘበኛው መጣና ልጁን በኮሌታው ይዞ ወደ በሩ ጎተተው። 'ኧረ እኔ ነኝ ያስገባሁት!' ብዬ ጮህኩ። ባለቤቲቱ ከሒሳብ መቀበያው ብድግ ብለው 'ልጄ፣ ለሱ ከሆነ የምትገዢው፣ እዚህ አይሆንም! ካዘንሽለት ቤትሽ ወስደሽ አብዪው። እኔ ደንበኞቼ እንዲሸሹ አልፈልግም' አሉኝ። ቤቱ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። አንድም ሰው አልተነፈሰም። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ፍቅረኛዬ ነው። 'ምን ዓይነት ፋራ ነሽ? አዋረድሽን እኮ!' ብሎ ሒሳቡን ወርውሮ ወጣ። እስከ ዛሬ ተኳርፈናል። ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ነው? ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ዓይኔን ልጨፍን?»

እህቴ፣ ዓይንሽን አትጨፍኚ። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለቀረው ግን ከመፍረዴ በፊት ሌሎቹንም ልስማ ብዬ ሰሞኑን ትንሽ ዞር ዞር ብያለሁ።

አንድ የካፌ ባለቤት እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ልጆች የሌሉኝ፣ አንጀቴ የማይባባ መሰለህ? ግን አንዱን ዛሬ ባስገባ ነገ አሥር ሆነው በር ላይ ይቆማሉ። አንድ ጊዜ የደንበኛ ሞባይል ከጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ ጠፋ፤ የከፈልኩት እኔ ነኝ። አከራዬ ደግሞ በየወሩ የሚጠይቀኝ ኪራይ እንጂ ጽድቅ አይደለም።» እውነታቸውን ነው፤ የሰውየውን ጭንቀት የለም ብለን አንክደውም።

ወደ ዘበኛው ዞርኩ። «የተቀጠርኩት በር እንድጠብቅ ነው። አንድ ልጅ ካመለጠኝ እኔ ነኝ የምቆጣው፣ ከደመወዜም ይቆረጣል። እኔም ከአገሬ የመጣሁ ሰሞን በረንዳ አድሬያለሁ፤ ብርዱን አውቀዋለሁ» አለኝ። አስቡት እንግዲህ! የትናንቱ በረንዳ አዳሪ የዛሬውን በረንዳ አዳሪ እንዲያባርር ተቀጥሯል።

በመጨረሻ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ልጅ ጠየቅሁ። ዕድሜውን «አሥራ ሁለት መሰለኝ» አለ። «ጋሼ፣ ሲያበሉን ደስ ይለናል። ግን እነሱ በልተው ሲሄዱ ዘበኛው ይይዘናል። 'ማን ግባ አለህ?' ብሎ ይጠልዘናል። በፌስታል ከሰጡን ደግሞ ትልልቆቹ ይነጥቁናል።»

እኔ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። እኛ ለአሥር ደቂቃ አዝነን፣ ለአሥር ደቂቃ ተከራክረን፣ ታክሲ ይዘን እንሄዳለን። ልጁ ግን እዚያው ነው የሚውለው፣ እዚያው ነው የሚያድረው። ከዘበኛው ጋር የተጣላነው እኛ ሆነን ሳለ ዱላውን የሚቀበልልን እሱ ነው። ስለዚህ ደግነታችን የሚመዘነው እኛ ከወጣን በኋላ በልጁ ላይ በሚደርሰው ነገር ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። በየሱቁ ግድግዳ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ አይታችኋል። እህታችን ገንዘቧን ይዛ፣ እከፍላለሁ ብላ፣ ንጉሥነቷ በአንድ ብርጭቆ ወተት ፈረሰ። ግን ባለቤቲቱ «ደንበኞቼ እንዲሸሹ አልፈልግም» ሲሉ የፈሩት ማንን ነው? እኛን ነው እኮ! ልጁ ሲገባ ቦርሳችንን ወደ ጉያችን የምንስበው፣ አፍንጫችንን የምንይዘው፣ አስተናጋጇን በዓይናችን «አስወጪልን» የምንላት እኛ ነን። ያን ቀን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ እንኳ ተነሥቶ «ይቀመጥ፣ እኛን አያስቸግረንም» ቢል ኖሮ፣ ባለቤቲቱ ተመልሰው የሚቀመጡ ይመስለኛል። ዝም ያለው ሰው ሁሉ ከዘበኛው ጋር ሆኖ ጎትቷል።

አባቶቻችን ለማኝን «የኔ ቢጤ» ብለው ጠሩት። እንደኔው ያለ ሰው ማለታቸው ነው። የሚሰጠው ያልያዘ እንኳ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ በጨዋ ደንብ ያሳልፈዋል። ክርስቲያኑ ምጽዋት፣ ሙስሊሙ ሰደቃ እያለ ያደገበት አገር ነው። ዛሬ ታዲያ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ የኔ ቢጤ የሆነው ሰው፣ ኬክ ቤት በር ላይ ሲደርስ ምን ሆነና ነው የማንም ቢጤ የማይሆነው?

የሚገርመው ሌላም አለ። ከሆቴልና ከምግብ ቤት ጓዳ የሚወጣው ትራፊ «ቡሌ» ይባላል። አራዶቹ ያውቁታል። ይህ ቡሌ ጎዳና ላይ በገንዘብ ይሸጣል፤ ልጆቹ ለምነው ባገኙት ሳንቲም ይገዙታል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ያው ልጅ በጓሮ በር ሲመጣ ደንበኛ ነው፤ በፊት በር ሲመጣ ሌባ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የሱቅ ባለቤት በቤቱ ሥርዓት ማስከበር ይችላል። የሚረብሽን ማስወጣት፣ የሰረቀን ለፖሊስ መስጠት ያባት ነው። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰው ሁሉ ሰብዓዊ ክብር ይጠበቅ ይላል፤ በአንቀጽ 25 ደግሞ ሰዎች በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ፣ ልዩነት ሊደረግባቸው አይገባም ብሎ ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱ ሀብት ነው። መምታትማ ጭራሽ አይፈቀድም። ቁስል የማይተው ጥፊና ግፍትሪያ እንኳ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ «የእጅ እልፊት» ተብሎ ያስቀጣል። ልጁ ጫማ ስለሌለው ሕጉ አልተነሣለትም።

ወደ ፍቅረኛሽ ልመለስ። «አዋረድሽን» ስላለሽ ብቻ ተለያዪ አልልሽም። ሰው በብዙ ዓይን መካከል ሲደነግጥ የማያምንበትንም ይናገራል። ብቻችሁን ሆናችሁ ረጋ ብለሽ ጠይቂው፦ «ያፈርከው በኔ ነው፣ በልጁ ነው፣ ወይስ ሰው ስላየን ነው?» ደንግጬ ነው ካለሽ ይቅር በዪውና ሁለተኛ ጊዜ አብራችሁ አድርጉት። በልጁ ነው የማፍረው ካለሽ ግን ቆም ብለሽ አስቢ። አቅም የሌለውን ሰው እንዴት እንደሚያይ ትዳር ከመያዝ በፊት ማወቅ ጥሩ ነው፤ አንድ ቀን አንቺም ሥራ ታጪ ይሆናል፣ አንቺም ትታመሚ ይሆናል።

ለሌሎቻችሁም እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥማችሁ የሚከተለውን ብታደርጉ ይበጃል እላለሁ።

አንደኛ፣ ልጁን ራሱን ጠይቁት። «ምን ልግዛልህ? ውስጥ ትገባለህ ወይስ ውጪ ይሻልሃል?» በሉት። መቶ ዓይን እያየው ከሚበላ ጥግ ይዞ መብላት የሚመርጥ ልጅ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ከማስገባታችሁ በፊት ባለቤቱን ወይም ኃላፊውን አናግሩ። «ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ፣ ከኔ ጋር ነው የሚቀመጠው፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» ብትሏቸው ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እምቢ ካሉ ልጁን መሀል አቁማችሁ አትጨቃጨቁ። ገዝታችሁ ውጡ፤ ቅሬታችሁን ልጁ በሌለበት ተመልሳችሁ ንገሯቸው።

ሦስተኛ፣ በልቶ ሳይጨርስ ትታችሁት አትሂዱ። አብራችሁት ውጡና በሩን አልፎ እስኪሄድ ተከተሉት። ዘበኛውንም በአክብሮት «ወንድሜ፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ በኔ ይሁንብህ» በሉት። ለሱም አንድ ሻይ ብትጋብዙት ምን ትጎዳላችሁ?

አራተኛ፣ ሞባይላችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። ልጁን እያበሉ መቅረፅና ቲክቶክ ላይ መልቀቅ የዘመናችን በሽታ ሆኗል። ያ ልጅ ነገ አድጎ፣ ሥራ ይዞ፣ ያንን ምስል ሰው ቢያሳየው ምን ይሰማዋል? ለናንተ ላይክ፣ ለሱ ዕድሜ ልክ እፍረት ነው።

አምስተኛ፣ የሠፈራችሁን ባለሱቅ ተጠቀሙበት። ለኛ ዱቤ የሚጽፍበት ደብተር አለው አይደል? በዚያው ደብተር አንድ ገጽ አስከፍቱና ለሳምንት የሚሆን የዳቦ ሒሳብ አስቀድማችሁ ክፈሉ። ልጁ ጠዋት ጠዋት መጥቶ ዳቦውን እንደማንኛውም ሰው ይወስዳል። ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ናፖሊ በምትባለው የጣሊያን ከተማ ሰዎች የሁለት ቡና ከፍለው አንዱን ጠጥተው፣ ሁለተኛውን ለማያውቁት ችግረኛ ትተው የመሄድ የቆየ ልማድ አላቸው። በኛም ከተማ ሆፕ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው ድርጅት ለብዙ ዓመታት የምግብ ቲኬት ሸጧል፤ ሰው ቲኬቱን ገዝቶ በሳንቲም ፈንታ ለየኔ ቢጤ ይሰጣል፣ ተቀባዩም ሄዶ ትኩስ ምግብ ይበላበታል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የከተማው አስተዳደር «ተስፋ ብርሃን» የተባሉ የምገባ ማዕከላትን ከፍቷል። በአቅራቢያችሁ ካለ መንገዱን አሳዩአቸው።

ለባለካፌዎችም አንድ ቃል አለኝ። ሁሉንም አስገቡ አላልኩም። ግን ለዘበኛችሁ «አፍህ ይናገር እንጂ እጅህ አይንካ» ብላችሁ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ስጡ። ልጅ ስላስገባ ከደመወዙ አትቁረጡ። ማታ ስትዘጉ የሚተርፈውን ዳቦ በታወቀ ሰዓት በፊት በር ስጡ፤ ልጆቹ ሰዓቱን ካወቁ ቀኑን ሙሉ መስታወታችሁ ላይ አይቆሙም። ደንበኛ ለልጅ ልግዛ ሲላችሁም ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው፤ ተቀበሉት።

እህቴ፣ ላንቺ የማቀርበው የመጨረሻ ምክር፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደዚያው ኬክ ቤት ብቻሽን ተመለሺ። ባለቤቲቱን «እትዬ፣ ያን ቀን ጮኬብዎታለሁ፤ ግን ልጁን መጎተታችሁ ልክ አልነበረም» በያቸው። ከዚያም የሳምንቱን ዳቦ ከፍለሽ ደብተር አስከፍቺ። እሺ ካሉሽ ጻፊልን፤ እምቢ ካሉሽም ጻፊልን።

የካፌ ባለቤቶች፣ አስተናጋጆችና ዘበኞችም በናንተ በኩል ያለውን ብትልኩልን ስማችሁን ሳንጠቅስ እናወጣዋለን። ቸር እንሰንብት!