ካሜራው በወንድሜ እጅ

ኦቲዝም ያለበት ታናሽ ወንድሜ ሲጠሩት ዞር አይልም። ቴፒ በሚገኘው ቤታችን ካሜራ ብሰጠው የእንግዶቻችንን ፊት ትቶ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ደጋግሞ አነሣ፤ አንዲት ፍሬ፣ ከዚያም ጥላዋን።

የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ኦቲዝም ያለባቸው ጎልማሶች ሰውንም ዕቃንም ባልተለመደ ማዕዘን እንደሚያነሡ አሳይተዋል። ፎቶግራፍ ምርመራን አይተካም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙት የጆይ ማዕከልም የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ ከቴፒ ሩቅ ነው። እስከዚያው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ እኛ እነርሱን ከምናነሣ ካሜራውን ለእነርሱ መስጠት ይበልጣል።

ትናንት እርሱ በቆመበት ተንበርክኬ ተመለከትሁ። አልጋው ከዐይኔ ትክክል ሆነ፤ እንግዶቹ ከዚያ አይታዩም።