ድሪፍት፦ ከአውራ ጎዳና ወደ ውድድር ሜዳ

በባሕረ ሰላጤው አገራት ድሪፍት፣ ማለትም የኋላ ጎማን እያንሸራተቱ መኪናን በጎን መንዳት፣ ለረጅም ጊዜ የአውራ ጎዳና አደጋ ሆኖ ቆይቷል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባጠበቀችው ሕግ ለመጀመሪያ ጥፋት 20 ሺህ፣ ለሦስተኛው 60 ሺህ ሪያል ቅጣት ደንግጋለች።

ቅጣት ብቻውን ግን የወጣቱን ፍላጎት አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 በተከፈተው የባሕሬን ሳኺር የውድድር ሜዳ የሚካሄዱ የድሪፍት ውድድሮች ሌላ አማራጭ ያሳያሉ። በዚያ ተመልካቹ ከመከላከያ አጥር ጀርባ ይቆማል፤ አሽከርካሪው የራስ ቁር ያጠልቃል። በዳኝነቱም ከፍጥነት ይልቅ መስመር አጠባበቅና የመንሸራተት ማዕዘን ይመዘናሉ።

ሜዳው ጎዳናውን የሚያሳርፈው ግን ወጪው ለተራው ወጣት አቅም ሲመጥን ነው። አለዚያ ውድድሩ የባለገንዘቦች ብቻ ይሆናል፤ እግረኛውም ከስጋት አይድንም።