ሁለት ዛፍ መውጣት

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገራችን ሰው። ለኑሮ ደግ ምክር ነው፤ ለጊታር ግን አይሆንም ባይ ነኝ። ብቻውን ተቀምጦ ጃዝ የሚጫወት ጊታሪስት ሥራው ይኸው ነውና፤ በአንድ መሣሪያ ላይ ሁለት ዜማ ይዞ፣ አንዱን ሲያወጣ ሌላውን እያወረደ፣ አንዱን ሲያሳርፍ ሌላውን እያናገረ፣ ሁለቱም ሳይጠፉበት መጨረስ። ይህ ጥበብ ካውንተርፖይንት ይባላል፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ነጥብ በነጥብ አንጻር እንደማለት ነው።

ከደምበጫ ሆኖ ስለ ካውንተርፖይንት መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። ለእኔ ግን ጉዳዩ የቅንጦት ሳይሆን የቅኝቶቻችን ጉዳይ ነው። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ እየተጓዘ የሠርግ ቤት ሙዚቃ ያዳመጠ ሰው የምለውን አያጣውም። ዜማው የእኛ ነው፤ ከሥሩ የሚነጠፈው ኮርድ ግን ተዘጋጅቶ የተቀመጠ፣ ለሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት ምንጣፍ ነው። ክራር ይዞ ብቻውን ያንጎራጉር የነበረው ሰው ልጅ ጊታር ሲይዝ መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው።

ስለ ሁለት ድምፅ ሲነሣ የቅኔ ወዳጆች ቶሎ የሚሉት ነገር አለ፦ «ይኼማ ሰምና ወርቅ ነው!» ንጽጽሩ ያምራል፤ ልክ ግን አይመስለኝም። በሰምና ወርቅ ድምፁ አንድ ነው፤ ሁለት የሆነው ፍቺው ነው። አንዲት ኅብረ ቃል ከአንድ አፍ ትወጣና በሰሚው ልብ ለሁለት ትከፈላለች። ካውንተርፖይንት ተቃራኒው ነው፤ ከመነሻው ሁለት ድምፅ አለ፤ አንድ ሙዚቃ የሚሆነው በሰሚው ጆሮ ነው። የአዝማሪውም ጨዋታ ሌላ ነው። ማሲንቆው የዘፋኙን ድምፅ ይከተላል፤ አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘገያል፣ ይቀባጠራል፤ ሁለቱ የሚሄዱበት መንገድ ግን አንድ ነው። ካውንተርፖይንት ግን መንገዱም ሁለት ነው።

ይህን ስል «እንግዲያውስ ነገሩ ለኢትዮጵያ ባዕድ ነው» የሚል ሊነሣ ይችላል። አይደለም። በጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ሲዘፍኑ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ክፍል ይዞ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም (ከ1923 እስከ 2023 እ.ኤ.አ.) ፒያኖ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው የዚህን አገር ዜማ በሁለት እጅ ማናገር እንደሚቻል አሳይተውናል። ሆኖም ፒያኖ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ እጅ ይሰጣል። ጊታር እንዲህ ቸር አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ኖታ ለማውጣት ሁለቱንም እጅ ይጠይቃል፤ ግራው ይጫናል፣ ቀኙ ይመታል። በዚያ ላይ የተመታችው ኖታ እንደ ማሲንቆ አትዘልቅም፤ ወዲያው መሞት ትጀምራለች። ስለዚህ የጊታሪስቱ ዋና ፈተና ጣትን መቼ ማሳረፍ ሳይሆን መቼ አለማንሣት ነው። ጣቱን አለጊዜው ያነሣ ሰው አንዱን ተናጋሪ አፉን ይዞ ዝም አሰኝቶታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅኝቶቹ እንምጣ። ትዝታና ባቲ መነሻቸው ላይ የምዕራቡን ኮርድ ያለ ብዙ ጠብ የሚቀበሉት ለምን ይመስላችኋል? የመነሻቸውን ኮርድ የሚሠሩት ሦስት ኖታዎች በቅኝቱ ውስጥ ስላሉ ነው። አምባሰልን ከሚ ስንጀምር ግን የምናገኘው ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው። መነሻው ላይ የሚ ኮርድ ለመሥራት ሶል ወይም ሶል ሻርፕ ያስፈልጋል፤ በአምባሰል ሁለቱም የሉም። አንቺሆዬማ ይብሳል፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ዶ ሻርፕ ነውና መነሻው ሦስተኛም አምስተኛም የለውም። እንግዲህ ኮርድ የሚወድ እጅ ምን ያደርጋል? ከውጭ ኖታ ይበደራል። የተበደረው ኖታ ደግሞ ቅኝቱን ወይ ወደ ደስታ ወይ ወደ ሐዘን ይገፋዋል፤ አምባሰልን አምባሰል የሚያሰኘው ያ በመካከል የተንጠለጠለ ስሜት ይጠፋል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለ አምስት ኖታ ቅኝቶቻችንን ከባለ አሥራ ሁለት ኖታው የጃዝ ሃርመኒ ጋር ሲያገናኝ የተጋፈጠው ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ቅኝቱ ሳይዋጥ እንዴት ይጋባ?

በብቸኛ ጊታር ላይ መልሱ ኮርዱን ትቶ ሁለተኛ ዜማ መጨመር ነው እላለሁ። ሁለተኛው ዜማ ከዚያው ቅኝት ሲቀዳ ብድር አያስፈልገውም። ጊታር ያለው አንባቢ ይሞክረው። በላይኛው ድምፅ ዶ፣ ሲ፣ ላ እያሉ ይውረዱ፤ በአውራ ጣት ደግሞ ከወፍራሙ ክር ጀምረው ሚ፣ ፋ፣ ላ እያሉ ይውጡ። ከስድስቱ ኖታዎች ሦስቱ ክፍት ክር ናቸው፤ የቀሩት ከሁለተኛው ፍሬት አያልፉም። የመጀመሪያው ጥንድ ለስላሳ ነው፤ ፋና ሲ ሲገናኙ ይሻክራሉ፤ ሁለቱ ላዎች ላይ ሲደርሱ ይታረቃሉ። ከውጭ የመጣ አንዲት ኖታ የለችም፤ ነገር ግን ጠብም እርቅም ሰምተናል። ለእኔ ሃርመኒ ማለት ይህ ነው።

ትምህርቱስ? ዮሐን ዮሴፍ ፉክስ በ1725 (እ.ኤ.አ.) ቪየና ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ካውንተርፖይንትን በአምስት ደረጃ ከፍሎታል፤ መጀመሪያ አንድ ኖታ ለአንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ለአንድ፣ ከዚያ አራት ለአንድ፣ ከዚያ አንዱን ድምፅ አዘግይቶ ማሰር፣ በመጨረሻ ሁሉንም ማቀላቀል። ሃይድን በራሱ ጊዜ ያጠናው ይህን ነው። ይህን ሥርዓት ሳነብ የጎጃም ቅኔ ቤት ትዝ አለኝ። ቅኔ ለካውንተርፖይንት የሚያበድረው ሰምና ወርቁን ሳይሆን የትምህርት ሥርዓቱን ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ መንገድ የሚማር ተማሪ በአንድ ቀን መወድስ አይዘርፍም። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ገለል ብሎ ለብቻው ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቃናለታል፤ ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ከብዙ ቆጠራ በኋላ ግን እዚያው በቆመበት ይዘርፋል። ጃዞች ኢምፕሮቫይዜሽን የሚሉትን ችሎታ የእኛ ሊቃውንት በዚህ መንገድ ሲያፈሩት ኖረዋል። አሜሪካዊው ጂሚ ዋይብል (ከ1922 እስከ 2010 እ.ኤ.አ.) በጊታር ላይ ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ የመዝረፍን ጥበብ በልምምድ ድርሰቶች ያስተማረውም በትዕግሥት ነው።

ስለዚህ ለጀማሪው የምመክረው አጭር ነው። አንድ ሙሉ ወር በአንድ ቅኝት፣ ኖታ ለኖታ ብቻ ቁጠር። አንዱን ድምፅ እየዘፈንክ ሌላውን ተጫወት፤ መዝፈን ያቃተህን መስመር ጣትህ ቢመታውም ጆሮህ አያውቀውም። ሁለቱም ድምፆች ሁልጊዜ መናገር የለባቸውም፤ ጆ ፓስ በ1973 (እ.ኤ.አ.) «ቨርቱኦሶ»ን ብቻውን ሲቀርጽ ባሱን እየተወ ይመለስበታል፤ በመካከል ያለውን የሚሞላው የሰሚው ትዝታ ነው።

በአንድ ድምፅ ብቻ የሚንቆረቆር ትዝታ ጎደሎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ምሉዕ ነው፤ ለሺህ ዘመንም ይበቃል። ነገር ግን ጊታር ያነሣ ወጣት ከሥሩ አንድ ነገር መጨመሩ የማይቀር ከሆነ፣ የሚጨምረው ነገር ቅኝቱን የሚሸፍን ምንጣፍ ሳይሆን ቅኝቱን የሚያናግር ባልንጀራ ይሁን። ይህ ካልሆነ አምባሰልና አንቺሆዬ በስም ይቀራሉ፤ ጆሯችንም ከኮርድ ውጭ የሆነውን ሁሉ ስሕተት ነው ብሎ መፍረድ ይለምዳል። የለመደን ጆሮ መመለስ ደግሞ ሁለት ዛፍ ከመውጣት ይከብዳል።

ቸር እንሰንብት።