ንግግር ለተሳነው መነጋገሪያ ይሰጠው

«አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» እየተባልን ስላደግን፣ የሰውን አእምሮ በአንደበቱ መመዘን ልማድ ሆኖብናል። ኦቲዝም ካለባቸው ወገኖቻችን መካከል ግን ሐሳብ ሳያጡ ቃል ከአፋቸው የማይወጣላቸው ጥቂቶች አይደሉም። የነዚህ ሰዎች ዝምታ የባዶነት ምልክት አይደለም።

መፍትሔው እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ በደላዌር የተጀመረው ዘዴ፣ ተማሪው የፈለገውን ነገር ሥዕል ለሌላው እያስረከበ ሐሳቡን እንዲገልጥ ያስተምራል። ዛሬ ደግሞ ሥዕሉ ሲነካ ቃሉን የሚያሰማ ታብሌት አለ። «መሣሪያው ከንግግር ያሰንፋል» የሚለውን ሥጋት ጥናቶች አልደገፉትም።

በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲከፍቱ ሕፃናት የነበሩ ሁሉ ዛሬ ጐልማሶች ናቸው። ለጐልማሳ ደግሞ «ውሃ»፣ «ዳቦ»፣ «ሽንት ቤት» ብቻ የተጻፈበት ሰሌዳ አይበቃውም። «እምቢ»፣ «ቆዩኝ»፣ «እዚህ ላይ ያመኛል»፣ «ብቻዬን ልሁን»፣ «አልተስማማሁም» የሚሉት ቃላት ሊኖሩት ይገባል። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው ምን ዋጋ አለው?

ማንበብ ለሚችለውም የፊደል ሰሌዳ ያስፈልገዋል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ ለጣት ይበዛሉ። ነገር ግን በመጀመሪያ የፊደሉን ዘር፣ ቀጥሎ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ቤት ቢያመለክት 40 ሣጥኖች ይበቃሉ። ይህን በካርቶን ላይ ሠርቶ መሞከር ለቋንቋና ለምሕንድስና ተማሪዎች ከዐቅም በላይ ነውን?

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እጅ ይዞ ማስጻፍ የሚባለው ዘዴ በጥንቃቄ ሲፈተን፣ የተጻፈው የረዳቱ ሐሳብ ሆኖ ተገኝቷል። ለሰው መነጋገሪያ መስጠትና በሰው ስም መናገር ለየቅል ናቸው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በ21ኛው አንቀጹ እንዲህ ያለውን አማራጭ መነጋገሪያ መብት አድርጎታል። መብቱ ከወረቀት ወርዶ ሥራ እንዲሆን መምህራን ይምሩን፣ ተማሪዎችም እንነሣ። ሰሌዳው ከተሠራ በኋላ የሚቀረው የእኛ ድርሻ ነው፤ ይኸውም ጣቱ ከፊደል ፊደል እስኪደርስ ድረስ ቃሉን ሳንነጥቅ መጠበቅ ነው።