የአይሁድ መራጮች በቅድመ ምርጫ፦ የእምነት ክንፍ ከፓርቲ ስም ሲቀድም

ሐተታ

በአሜሪካ የምርጫ ወቅት በመጣ ቁጥር የአይሁዶች ድምጽ ወደየት ያጋድላል የሚለው ጥያቄ በመገናኛ ብዙኃን ይነሳል። የሚሰጠውም ምላሽ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው፤ ከአሥር አይሁድ መራጮች ሰባት ያህሉ ድምጻቸውን ለዴሞክራቲክ ፓርቲ ይሰጣሉ የሚል። ምላሹ አጠቃላይ ምርጫን በሚመለከት ከእውነታው የራቀ አይደለም። ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ግን እምብዛም አያገለግልም። በቅድመ ምርጫ የሚፎካከሩት የአንድ ፓርቲ ሰዎች በመሆናቸው የፓርቲው ስም መራጩን ከመራጭ አይለይም። በአይሁድ መራጮች ዘንድ ልዩነቱን ከሚያሳዩት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ መራጩ የሚገኝበት የእምነት ክንፍ ነው።

ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ ያደረገው ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በአሜሪካ ሕጻናትን ጨምሮ 7 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል አይሁዶች ይኖራሉ። ከአዋቂዎቹ መካከል 37 በመቶው የሪፎርም፣ 17 በመቶው የኮንሰርቫቲቭ፣ 9 በመቶው ደግሞ የኦርቶዶክስ ክንፍ ተከታዮች ናቸው። 32 በመቶው ራሳቸውን ከየትኛውም ክንፍ አይመድቡም።

እዚህ ላይ ለሀገራችን አንባቢ ሁለት ቃላትን ማብራራት ተገቢ ይሆናል። ኦርቶዶክስ ሲባል የክርስትናውን ቤተ ክርስቲያን ለማለት ሳይሆን የኦሪትን ሕግ፣ የሰንበትንና የምግብን ሥርዓት አጥብቀው የሚጠብቁ አይሁዶችን ለማመልከት ነው። ኮንሰርቫቲቭ የሚለውም የሃይማኖት ክንፍ መጠሪያ እንጂ የፖለቲካ ወግ አጥባቂነትን አይገልጽም፤ እንዲያውም በተጠቀሰው ጥናት ከኮንሰርቫቲቭ አይሁዶች 70 በመቶው ዴሞክራቶች ወይም ወደ ዴሞክራቶች የሚያዘነብሉ ሆነው ተገኝተዋል። በሪፎርም ተከታዮች ዘንድ አሃዙ 80 በመቶ ነው። በኦርቶዶክሶቹ ዘንድ ግን ሁኔታው ተገልብጦ 75 በመቶው ሪፐብሊካን ወይም ወደዚያው የሚያዘነብሉ ናቸው።

ከዚህ በመነሳት ኦርቶዶክስ አይሁዶች በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ውስጥ ድርሻ የላቸውም ብሎ መደምደም ይቻል ይሆናል። በኒውዮርክ የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በብሩክሊን ቦሮ ፓርክና ዊሊያምስበርግ በተባሉ ሠፈሮች የሚኖሩ በርካታ ኦርቶዶክሶች በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሪፐብሊካኑን እየመረጡ፣ በመራጮች መዝገብ ላይ ግን በዴሞክራትነት ተመዝግበው ይገኛሉ። ምክንያቱ የእምነት ሳይሆን የሕግ ነው። በኒውዮርክ በቅድመ ምርጫ የሚሳተፈው በፓርቲው አባልነት የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። በከተማዋ አብዛኛው የምርጫ ወረዳ ደግሞ ዴሞክራቶች ስለሚያይሉ የከንቲባውና የምክር ቤት አባሉ ማንነት የሚለየው በኖቬምበር ሳይሆን በጁን ወር ነው። በመሆኑም በሪፐብሊካንነት የተመዘገበ የቦሮ ፓርክ ነዋሪ በልቡ ያለውን በመዝገብ ያሰፍር እንደሆነ እንጂ የከተማውን አስተዳዳሪ በመምረጥ ረገድ ድምጹ ከቁጥር አይገባም።

የእምነቱ ሥርዓት በምርጫ ካርታ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖም ቀላል አይደለም። ኦርቶዶክስ አይሁድ በሰንበት መኪና አይነዳም፤ ስለዚህ ከምኩራቡ በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ መኖር ይገባዋል። ልጆቹን የሚያስተምርበት የሃይማኖት ትምህርት ቤትም በዚያው አካባቢ ይገኛል። የዚህ ውጤት አንድ ዓይነት ፍላጎት ያላቸው ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድ የምርጫ ወረዳ ተጠጋግተው መኖራቸው ነው። የማኅበረሰቡ መሪዎች የሚደግፉትን እጩ ሲያሳውቁ፣ በተለይ ሃሲዲክ በሚባሉት ዘንድ፣ ብዙው ሰው ተከትሎ ድምጹን ይሰጣል። የሪፎርም ተከታይ ግን በየከተማው ተበትኖ ስለሚኖር፣ ቁጥሩ አራት እጥፍ ሆኖ ሳለ በአንድ ወረዳ ውስጥ ክብደቱ ያን ያህል ላይታይ ይችላል። በአንድ ድምጽ መምረጥ የአይሁዶች ብቻ ልማድ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናትና የሠራተኛ ማኅበራትም ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

መሪዎቹ በድምጻቸው ምን ያገኛሉ? በቅድሚያ የሚጠቀሰው የትምህርት ቤቶች ጉዳይ ነው። የኒውዮርክ ሕግ የግል ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ትምህርት ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጋር በመሠረቱ የሚመጣጠን እንዲሆን ያዛል። አንዳንድ የሃሲዲክ የወንዶች ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛና ሒሳብን በበቂ አያስተምሩም የሚል ወቀሳ ከቀድሞ ተማሪዎች ሳይቀር ሲቀርብባቸው ቆይቷል። ቦሮ ፓርክን የሚወክሉት ሲምቻ ፌልደር እ.ኤ.አ በ2012 በዴሞክራትነት ለግዛቱ ሴኔት ቢመረጡም፣ በምክር ቤቱ ውስጥ ከሪፐብሊካኖች ጋር ተሰለፉ። ሪፐብሊካኖች 63 መቀመጫ ባለው ሴኔት በላይነታቸውን ለማስጠበቅ የእርሳቸው ድምጽ ያስፈልጋቸው ነበርና፣ እ.ኤ.አ በ2018 የግዛቱ በጀት በሚጸድቅበት ሰዓት ፌልደር በነዚህ ትምህርት ቤቶች ላይ የሚደረገው ቁጥጥር እንዲላላ ጠየቁ። የቢሊዮኖች ዶላር በጀት ለጊዜው ተገትቶ ቆየ፤ ጥያቄያቸውም በሕግ ማሻሻያ መልክ ተቀባይነት አገኘ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ተፎካካሪያቸውን አሸንፈዋል። የበጀት ሥራ የሚያውቅ ሰው የአንዲት ድምጽን ዋጋ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ በቀላሉ አያገኝም። ይሁንና በኖቬምበር 2018 ዴሞክራቶች ያለ እርሳቸው አብላጫውን መቀመጫ በማግኘታቸው ይህ ተሰሚነት ከመጣበት ፍጥነት ባልተናነሰ ሊጠፋ ችሏል።

በሌሎቹ ክንፎች ዘንድ መራጩን የሚያዝ ራቢ የለም። እጩው አይሁድ መሆኑም ብቻውን ድምጽ አያስገኝም። ሰንበትን በማክበር የታወቁት ጆ ሊበርማን እ.ኤ.አ በ2004 ለፕሬዚዳንታዊ እጩነት ተወዳድረው አንድም ግዛት ሳያሸንፉ ወጥተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላም የኢራቅን ጦርነት በመደገፋቸው በራሳቸው ግዛት በኮነቲከት በቅድመ ምርጫ ተሸንፈው፣ በግል ተወዳዳሪነት ነው ወደ ሴኔት የተመለሱት። በርኒ ሳንደርስ እ.ኤ.አ በ2016 በኒው ሃምፕሻየር ፕሬዚዳንታዊ ቅድመ ምርጫን ያሸነፉ የመጀመሪያው አይሁድ ቢሆኑም፣ በተወለዱበት ኒውዮርክ የአይሁድ መራጮች አብዛኛው ድምጽ የሄደው ለሂላሪ ክሊንተን ነበር።

እ.ኤ.አ በ2021 በተካሄደው የኒውዮርክ ከንቲባ ቅድመ ምርጫ ደግሞ ኦርቶዶክሶቹ ራሳቸው ተከፋፍለው ታይተዋል። አንዳንዶቹ መሪዎች አንድሩ ያንግን፣ ሌሎቹ ኤሪክ አዳምስን ደገፉ። አዳምስ ያሸነፉት በ7 ሺህ 197 ድምጽ ብልጫ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብ አሸናፊውን የደገፈ ቡድን ሁሉ ድሉን የእኔ ነው ማለቱ አይቀርም።

እ.ኤ.አ በጁን 2024 በኒውዮርክ 16ኛው የምክር ቤት ወረዳ የታየው ከዚህ ይለያል። እስራኤል በጋዛ ታካሂደው የነበረውን ጦርነት በጽኑ የተቹት የምክር ቤት አባል ጀማል ቦውማን በጆርጅ ላቲመር ተሸንፈዋል። የእስራኤል ደጋፊ ከሆነው አይፓክ ጋር የተቆራኘው የምርጫ ገንዘብ ድርጅት በዚህ አንድ ወረዳ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ብዙ የተወራው ስለ ገንዘቡ ነው፤ በጸሐፊው አመለካከት ግን ከዚያ ባልተናነሰ ሊጤን የሚገባው የምዝገባው ሥራ ነው። አንድ መራጭ በጁኑ ቅድመ ምርጫ ለመሳተፍ ፓርቲውን መቀየር የሚችለው እስከ ፌብሩዋሪ 14 ብቻ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ አይሁድ ነዋሪዎች በዴሞክራትነት እንዲመዘገቡ የሚያሳስብ ዘመቻ በወረዳው ተካሂዷል። ይህም በብሩክሊን የቆየው ልማድ ኦርቶዶክስ ላልሆኑትም መዳረሱን ያሳያል። እስራኤልን በሚመለከት ጥያቄ በክንፎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ዝቅ ማለቱንም ያመለክታል።

ሆኖም ትውልዱ እየተለወጠ ነው። በፒው ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት አይሁዶች 69 በመቶው የሪፎርም ወይም የኮንሰርቫቲቭ ተከታዮች ሲሆኑ፣ ከ30 ዓመት በታች ባሉት ዘንድ ይህ አሃዝ ወደ 37 በመቶ ወርዷል። በአንጻሩ ኦርቶዶክሶች በአረጋውያኑ ዘንድ 3 በመቶ፣ በወጣቶቹ ዘንድ 17 በመቶ ናቸው። ከወጣቶቹ 40 በመቶው ደግሞ በሃይማኖት ሳይሆን በትውልድ ወይም በባህል ብቻ አይሁድ ነን የሚሉ ናቸው። መካከለኛው ሲሳሳ ሁለቱ ጫፎች ይወፍራሉ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ በጁን 2025 የተካሄደው የኒውዮርክ ከንቲባ ቅድመ ምርጫ ሁለቱን ጫፎች ፊት ለፊት አገናኝቷል። በብሩክሊን ከሚገኙት የኦርቶዶክስ መሪዎች አብዛኞቹ የቀድሞውን የግዛቱን አስተዳዳሪ አንድሩ ኩሞን ደገፉ። ኩሞ እ.ኤ.አ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ በምኩራቦች ላይ ገደብ ጥለው ከነዚሁ ማኅበረሰቦች ጋር የተጋጩ ሰው ናቸው፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በኖቬምበር 2020 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምጽ ገደቡን አግዷል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ለመሪዎቹ ይበልጥ ያሳሰባቸው የዞህራን ማምዳኒ በእስራኤል ላይ ያላቸው አቋም ነበር። በሌላው ጫፍ በወቅቱ የከተማዋ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ የነበሩትና አይሁድ የሆኑት ብራድ ላንደር ከማምዳኒ ጋር እርስ በርስ ድጋፍ ተለዋወጡ፤ በርካታ ወጣትና ተራማጅ አይሁዶችም ተከተሏቸው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ድምጽ በሰጠበት በዚህ ምርጫ ማምዳኒ በመጨረሻው ቆጠራ 56 በመቶ ያህል አግኝተው አሸንፈዋል። ተሳታፊው በዚህ መጠን ሲበዛ በአንድ ድምጽ የሚመርጡ ሠፈሮች ሚዛኑን ለመድፋት አልቻሉም።

ኩሞ በግል ተወዳዳሪነት በቀረቡበት የኖቬምበር 2025 አጠቃላይ ምርጫም ማምዳኒ አሸንፈዋል። ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሳትማር ከተባለው የሃሲዲክ ማኅበረሰብ አንድ መሪ ድጋፋቸውን ለማምዳኒ ማድረጋቸውን አስታውቀው ነበር። ከዚያው ወገን የሆኑ ሌሎች መሪዎች ወዲያው ውሳኔው የእኛ አይደለም ሲሉ ራሳቸውን አግልለዋል።