«ፎርማት ይደረግ» ከማለት በፊት

ከቡሬም ሆነ ከጅጋ ኮምፒውተር ይዞ ፍኖተ ሰላም የሚመጣ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ «ዊንዶውሱ ጠፍቷል፣ ፎርማት አድርግልኝ» ነው የሚለኝ። በጥገና እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ይህን ጥያቄ እሺ ብዬ አልቀበልም። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ የነበረ መዝገብ በቀላሉ አይመለስም።

ባለፈው ክረምት የአንድ ገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ አሮጌ ዴስክቶፕ በባጃጅ ጭኖ መጣ። የአባላቱ የማዳበሪያ ሒሳብ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ «ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም» ተብሏል። ስከፍተው ሁለት ሃርድ ዲስክ አለው፤ ዊንዶውሱ ያለው በኋላ በተጨመረው ላይ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች። ባትሪዋ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) ሰዓቱንም የዲስኮቹንም ቅደም ተከተል ይረሳል። ስለዚህ ዊንዶውስ የሌለበትን አሮጌ ዲስክ ቀድሞ ይሞክርና ጥቁር ስክሪን ላይ ይቀራል።

በብዙ የድሮ ባዮሶች ቅደም ተከተሉ የሚስተካከለው ሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር ከሲዲ፣ ከፍላሽና ከሃርድ ዲስክ የቱ ይቅደም የሚል ሲሆን፣ እዚያ ላይ የሚታየው ሃርድ ዲስክ አንድ ብቻ ነው። ሌላውን ለማስቀደም «ሃርድ ዲስክ ድራይቭስ» የሚለውን ለብቻው ከፍቶ ወደ ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ዲስኩ ተቃጥሏል ብሎ ይፈርዳል። ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ዲስኩን አስቀደምኩ፣ ኤፍ10 ተጭኜ ወጣሁ። መዝገቡ እንዳለ ተገኘ።

ባይነሳ ኖሮም ሌላ መንገድ ነበር። ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ሲጫኑ ለዚያች ጊዜ ብቻ ከየት ይነሳ ብሎ ይጠይቃል፤ ሊኑክስ ካለበት ፍላሽ አስነስቶ ፋይሉን መገልበጥ ይቻላል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ለአሮጌ ማሽኖች ሊኑክስ ከእንግዲህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን የትምህርት ቤቶች ነገር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተርም እየተሰጠ፣ የገጠር ልጅ ማውዝ ሳይነካ እየተፈተነ፣ ባትሪ ብቻ የጎደለው ማሽን ስቶር ውስጥ አቧራ ሊጠጣ አይገባም። የአይሲቲ መምህራንና የንብረት ክፍል ኃላፊዎች፣ «አያገለግልም» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ባትሪውን ቀይሩ፣ ሁለቱንም ዝርዝሮች እዩ። ፋይላችሁ ሳይገለበጥም ማንም ፎርማት እንዲያደርግ አትፍቀዱ።